የአረጋውያን ማኅደር

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው ቀላል ባቡር ሁለት ጊዜ የሚቆምበት፣ ጉርድ ሾላ የተባለ ሠፈር አለ። ስሙ እንደሚመሰክረው ቀድሞ በዚህ ስፍራ አናቱ የተቈረጠ ሾላ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ የሚያልፈው ሕዝብ፣ የታክሲው ረዳትም ተሳፋሪውም፣ ዛፉን ሳያስበው ስሙን ዕለት ዕለት ይጠራዋል። ነገሩ ካለፈ በኋላ ስሙ ጸንቶ መኖሩን ባሰብሁ ቍጥር፣ በዚህ ሠፈርና ከዚህም ወደ ምሥራቅ በኮተቤና በአያት በኩል ቤታቸው ስለሚገኝ አረጋውያን፣ ይልቁንም ያለፈውን ዘመናቸውን ራሳቸው ማስታወስ ስለተሳናቸው ወገኖች፣ ስማቸውንና ታሪካቸውን ማን ይጠብቅላቸዋል የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። የሚጠብቅላቸው ሰው አለ፤ ሥራውም እምብዛም አይታወቅም። በአረጋውያንና በድኩማን መጦሪያ ቤት ውስጥ የሕክምና መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ እርሱ ነው።

መዝገብ የሚለው ቃል በግእዝ ዘገበ፣ ማለት አከማቸ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጓሜው የከበረ ሀብት የሚቀመጥበት ስፍራ፣ ሀብቱም ራሱ ነው፤ በወንጌል በሰማይ ስለሚከማች ሀብት ሲነገር የምናገኘው ቃል ይኸው ነው። ማኅደርም ኀደረ ከሚለው ወጥቶ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ ሊቃውንቱ የብራና መጽሐፋቸውን ከዝናብና ከአቧራ ለመጠበቅ የሚከቱበትን፣ በጠፍር የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቤት በዚህ ስም ሲጠሩት ኖረዋል። ኋላም የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቃሉን ተቀብሎ፣ የአንድ ሰው ጉዳይ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ የሚሰበሰብበትን አቃፊ የግል ማኅደር አለው። በሐኪም ቤት ግን ሕዝቡ ይህን ሁሉ አጠቃልሎ ካርድ ይለዋል፤ ካርድ ማውጣት፣ የካርድ ቍጥር፣ ካርድ ክፍል እያለ ይናገራል፤ ሠራተኞቹ ደግሞ ፎልደር ይሉታል።

ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሲሄድ ካርዱ የሚገልጸው አንድ ጕብኝትን ነው፤ መጣ፣ ተመረመረ፣ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ሄደ። የቀረውን ሕይወቱን እርሱ ራሱ፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም ያውቁታልና፣ ካርዱ ቢያጥር ብዙ አይጎዳም። በመጦሪያ ቤት ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ ሰውየው በዚያ ያድራል፣ ማኅደሩም ከእርሱ ጋር ያድራል፤ አምስት ዓመት ወይም አሥር ዓመት ሲቈይ፣ ያወቁት ነርሶች ሲለወጡ፣ ሐኪሙ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር፣ የአልጋ ጎረቤቱም ሲሞት፣ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ከአጠገቡ ሳይለይ የቆየው ያ የወረቀት አቃፊ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መዝገብ ያዡ የጽሕፈት ሠራተኛ ብቻ ተደርጎ መቈጠሩ፣ ክፍሉም ብዙ ጊዜ ከደረጃ ሥር ወይም ፀሐይ በማይገባበት ጥግ መሰጠቱ፣ በእኔ አስተያየት ሥራውን ካለማወቅ የመጣ በደል ነው፤ ሕመምተኛውን ከሚያጥቡና ከሚያጐርሱ እጆች መካከል የእርሱም እጅ ሊቈጠር ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው በስም ነው፤ የሚከብደውም ከዚሁ ከመጀመሪያው ነው። በሀገራችን የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ሴቲቱም በጋብቻ የአባቷን ስም አትለውጥም። ይህ ያማረ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በመዝገብ ላይ በስም አይገናኙምና፣ ዘመድን ከዘመድ ለማያያዝ ጸሐፊው መጠየቅና መጻፍ ግድ ይለዋል። በዚያ ላይ ፊደላችን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያለው፣ ድምፃቸው በዛሬው አማርኛ አንድ ሆኗል። ኃይሉን አንዱ ጸሐፊ በብዙኃኑ ኀ፣ ሁለተኛው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ጸጋዬ የሚለውን አራት ሰዎች በአራት ዓይነት ሲጽፉት ይታያል። በፊደል ተራ በተደረደረ ማውጫ ውስጥ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ይህ የፊደል ጠባቂዎች ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ በቤተሰቤ የደረሰውን ልናገር። አክስቴ እትዬ ፀሐይ በአንድ ሐኪም ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ካርድ ወጣላት፤ አንደኛው በፀሐዩ ፀ፣ ሁለተኛው በጸሎቱ ጸ ተጽፎ ነበር። ፔኒሲሊን እንደማይስማማትና አንድ ጊዜ ለሞት እንዳደረሳት በቀይ ቀለም የተጻፈው በመጀመሪያው ካርድ ላይ ነው፤ የሳንባ ምች ይዟት በተወሰደችበት ሌሊት የተገኘው ሁለተኛው ነው። መርፌው ከተዘጋጀ በኋላ አብራት የሄደች ጎረቤት ጮኻ ባትናገር ኖሮ፣ በአንዲት ፊደል ምክንያት አክስቴን ባጣናት ነበር። ዘመድም ጎረቤትም አጠገቡ የሌለው፣ ራሱም መናገር የማይችል አረጋዊ ቢሆንስ ማን ይጮኽለታል? በመጦሪያ ቤት የሚጮኸው ማኅደሩ ነው፤ ስለዚህ የማይስማማ መድኃኒት በአቃፊው ሽፋን ላይ፣ ማንም ሳይገልጥ በሚያነበው ስፍራ፣ ሊጻፍ ይገባል።

ሌላም ስም አለ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን የሆነ ሰው በጥምቀት የተሰጠው፣ ከንስሐ አባቱና ከቤተሰቡ በቀር እምብዛም የማይታወቅ የክርስትና ስም አለው፤ ሲታመም የሚጸለይለት፣ ሲሞት የሚፈታበት በዚያ ስም ነው። አንድ ብልህ መዝገብ ያዥ እንግዳው በሚገባበት ቀን ይህንንም ጠይቆ ይጽፋል፤ ሙስሊም ከሆነ የቀብር ሥርዓቱ እንዳይዘገይ ለማን መነገር እንዳለበት ያሰፍራል። ይህ የሕክምና ጉዳይ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ሰዎች ለሕክምና ብቻ ሳይሆን እስከ ዕረፍታቸው ለመኖር በሚገቡበት ቤት፣ ሳይጻፍ ቀርቶ በመጨረሻው ቀን ሲፈለግ የሚታጣ ነገር ይህ ነው።

ከስም ቀጥሎ ዕድሜ ይጠየቃል። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ይሆናል?» ብሎ ለጠየቀ ወጣት ጸሐፊ፣ «ምን አውቄ ልጄ፣ ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርሁ ይሉኛል» የሚል መልስ ይመጣለታል። ጸሐፊው ታሪክ የሚያውቅ ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በ1933 ዓ.ም. መሆኑን ያስታውስና፣ የተወለዱት ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድሞ እንደሆነ ይገምታል፤ የማያውቅ ከሆነ ግን ከራሱ አንድ ቍጥር አንሥቶ ይጽፋል፤ ያም ቍጥር እስከ መጨረሻው እንደ እውነት ይኖራል። ሌሎች በታኅሣሡ ግርግር፣ ሌሎችም በአብዮቱ ፍንዳታ ዕድሜያቸውን ይለካሉ። ይህ የሆነው ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ታግዶ ቀረ። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በአዋጅ ቍጥር 760/2004 ተደንግጎ፣ በመላው ሀገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ በመጦሪያ ቤት የሚገኙት አረጋውያን ሁሉ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን የተወለዱ ናቸው፤ ከብዙዎቹ አንደበት ታሪካቸውን ተቀብሎ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የሚጽፈው፣ በሕይወታቸው ማምሻ ላይ የሚያገኙት ይህ ጸሐፊ ነው። ዕድሜው ግምት ከሆነ ግምት መሆኑን፣ የተገመተበትንም ምክንያት አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል፤ የመድኃኒት መጠን በዕድሜና በኵላሊት አቅም የሚለካበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ቀንና ሰዓትም የራሳቸው ፈተና አላቸው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመንን ለማስላት ዓመታት ይማሩ ነበር፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን ያንን ስሌት በትንሹ በየዕለቱ ይሠራዋል። የታዘዘው ቀን በእኛ አቈጣጠር ይጻፋል፣ በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የታተመው ማብቂያ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በመካከላቸው እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ፤ ጳጉሜንንም የሚያውቅ የውጭ ቅጽ የለም። ሰዓቱ ከዚህ ይብሳል። ሀገሬው ሰዓቱን የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፣ አንዲት ነርስ «8 ሰዓት» ብላ ስትጽፍ ከምሳ በኋላ ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ ሰዓት የለመደች ሌላዋ ደግሞ ጧት ብላ ታነበዋለች። በመካከሉ ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ለስኳር ሕመምተኛ የኢንሱሊን መርፌ ስድስት ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትል ሐኪሞች ያውቁታል፤ መፍትሔው ግን ሐኪም የሚጠይቅ አይደለም። ቤቱ አንዱን አቈጣጠር መርጦ፣ በቅጹ ራስ ላይ ጽፎ፣ ጧት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ከቍጥሩ ጋር ማስጻፍ ብቻ ነው።

ማኅደሩ ከተከፈተ በኋላ የሚገባበት ነገር ለውጭ ሰው ተራ ይመስላል፤ ምን ያህል በላ፣ ስንት ጊዜ ተነሣ፣ ተኝቶ የሚውለው ሰው በየሁለት ሰዓቱ ተገላበጠ ወይስ አልተገላበጠም፣ ወድቆ ነበር ወይ፣ ክብደቱ በዚህ ወር ስንት ሆነ። ነገር ግን ዕለት ዕለት የሚያየው ሰው የማያየው ነገር አለ፤ እርጅና ሰውን የሚያሳንሰው በጥቂት በጥቂቱ ነውና፣ አልባሽዋም አጕራሿም የእማማ መክሳት ሳይታወቃቸው ይቀራል። የሦስት ወር ክብደት በአንድ ገጽ ላይ ተከታትሎ ሲነበብ ግን፣ ቍልቍለቱ ለማንም ግልጽ ይሆናል። የመኝታ ቍስልም እንዲሁ ነው፤ ከመቅላት ተነሥቶ አጥንት እስኪደርስ የሚሄደው በቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ቀዩን በመጀመሪያው ሌሊት አይታ የጻፈች አስታማሚ ሕይወት አተረፈች ማለት ነው፤ አይታ ያልጻፈችውን ግን የነገዋ ተረኛ አታውቀውም።

የረጅም ዘመን መዝገብ ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል በዚሁ በአዲስ አበባ የተሠራ አንድ ታላቅ ሥራ ይመሰክራል። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ከየአውራጃው የሚመጡበትና ብዙዎቹም በዙሪያው ሠፍረው የቀሩበት ሐኪም ቤት ነው። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ የነበሩ ሐኪሞች አዲሱን ጥምር መድኃኒት የጀመሩ ሕመምተኞችን እየመዘገቡ፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው። የእጃቸውና የእግራቸው ስሜት፣ የጡንቻቸውም ኀይል በየጊዜው እየተለካ በካርዳቸው ላይ ይጻፍ ነበር። ከዚህ የተገኘው ዕውቀት፣ የነርቭ ጉዳት ሕክምናው ካለቀ በኋላም ሊደርስና በአንዳንዱ ላይ እየተመላለሰ ሊኖር እንደሚችል፣ በቶሎ ከታወቀ ግን ብዙ ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል ነው። አንድ ሰው መርፌ ሲነካው ባለፈው ወር የሚሰማው የነበረ ጣት ዛሬ እንደማይሰማው የሚታወቀው፣ ያለፈው ወር በትክክል ተጽፎ ሲገኝ ነው። ያንን በየጊዜው የጻፉት ሠራተኞች ስማቸው በታላላቅ መጽሔቶች ላይ ባይወጣም፣ ዕውቀቱ ከእጃቸው የወጣ ነው።

ስለ አደራደሩም ጥቂት ልበል። በአሜሪካ በሜዮ ሐኪም ቤት እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ትልቅ ደብተር ይዞ ሕመምተኛውን ሁሉ በተራ ይጽፍ ስለነበር፣ አንድ ሰው በሦስት ሐኪሞች ከታየ ታሪኩ በሦስት ደብተር ተበትኖ ይቀር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ዶክተር ሄንሪ ፕላመር ለአንድ ሰው አንድ ቍጥርና አንድ አቃፊ ይሁን ብሎ ሥርዓቱን ለወጠው። በኢትዮጵያም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የጤና መረጃ አያያዝን ሲያሻሽል በዚሁ መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎልደር፣ ሕመምተኛው የሚይዘው የቍጥር መታወቂያ፣ በክፍሉም ውስጥ በስም የሚፈለግበት ማውጫ ካርድ እንዲኖር አደረገ፤ ይህንንም የሚሠሩ የጤና መረጃ ባለሙያዎች በኮሌጅ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ፎልደሩ ከመደርደሪያ ሲወጣ በስፍራው ትሬሰር የሚባል ካርድ ይተካል፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ወደ የትኛው ክፍል የሚለው ይጻፍበታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ይህችን ካርድ እወዳታለሁ፤ ባዶ ስፍራ ያለ ምክንያት ባዶ ሆኖ እንዳይቀር የምታደርግ እርሷ ናትና።

ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተንና በአካባቢው በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በአስታማሚነትና በነርስነት ይሠራሉ፤ ከእነርሱ ጋር የተጫወተ ሰው ስለ ሥራው የሚሰማው የመጀመሪያ ነገር፣ ካነሡትና ካጠቡት ይልቅ የጻፉት እንደሚበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያ ሀገር የወጣ ሕግ፣ ወደ መጦሪያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ውስጥ አካሉ፣ አእምሮው፣ አመጋገቡና ስሜቱ በአንድ ዓይነት ቅጽ ተመርምሮ እንዲመዘገብ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ እንዲታደስ አስገድዷል። የጽሕፈቱ ብዛት እንደሚያማርራቸው አልደብቅም፤ ማማረራቸውም ምክንያት አለው፤ የሰውን ፊት ትቶ ቅጽ ሲሞሉ መዋል ሌላ ዓይነት ጥፋት ነው። ቢሆንም ከሁለቱ ጥፋቶች የእኛ የሚመስለኝ የመጀመሪያው፣ ማለት ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ኮምፒውተርም ይህን አይለውጠውም፤ በሀገራችን በስማርት ኬርና በሌሎችም ፕሮግራሞች መዝገቡን ወደ ኤሌክትሮኒክ ለማዛወር የተደረገው ጥረት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የቀረውን ማሽኑ አይጠይቅም፤ መብራት በጠፋበት ሌሊትም ወረቀቱ ይነበባል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሁሉ የታወቀው ቤት፣ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃሉ በከተማው ሁሉ ተሰምቷል። እንዲህ ያለው ቤት የሚቀበላቸው ብዙዎቹ ከጎዳና የተነሡ፣ አንዳንዶቹም ማን እንደሆኑ መናገር የማይችሉ ናቸው። ስሙን ለማያውቅ ሰው ማኅደር እንዴት ይከፈታል? ቍጥር ይሰጠዋል፤ የተገኘበት ቀንና ስፍራ፣ የተገመተ ዕድሜው፣ በአካሉ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ለብሶት የነበረው ልብስ፣ ሲያንጐራጕር የተሰማበት ቋንቋ ይጻፋል። ከወራት በኋላ፣ ታጥቦና በልቶ አእምሮው ሲረጋ፣ አንድ ማለዳ የእናቱን ወይም የመንደሩን ስም ሊጠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ በአቅራቢያው ያለ አስታማሚ ሮጦ ሊያስጽፈው ይገባል፤ ቃሉ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላልና። ስሙ ሲታወቅም አዲስ ማኅደር አይከፈትም፤ በአሮጌው ቍጥር ላይ ስሙ ይጨመራል እንጂ። ያለ ስም የኖረበትም ወራት የእርሱ ሕይወት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አፉን መጠበቅ አለበት። የንስሐ አባት የሰማውን ኑዛዜ ለማንም እንደማያወጣ ሁሉ፣ መዝገብ ያዥም በየመደርደሪያው ላይ ያለውን ምሥጢር ይዞ ያድራል፤ የማን ደም ምን ተገኘበት፣ ማን በልጆቹ ተጣለ፣ ማን ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሕሊና ግዴታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቢሆንም ፈተናው የሚመጣው በትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ መልካም ጎብኚ ገጹን በስልኩ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ ስለ ውርስ አስቦ «በሽታው ምንድን ነው?» ሲል ነው። በዚያን ጊዜ በትሕትና «እርሳቸውን እንጠይቅ ጋሼ» ብሎ መመለስ የሚችል ሠራተኛ ማግኘት ከማንኛውም መቈለፊያ ይበልጣል።

የመጨረሻው ገጽ የሚጻፈው በሞት ነው። ሐኪሙ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ያሰፍራል፤ ጸሐፊው የሞት ምዝገባውን ወረቀት ያዘጋጃል፤ የክርስትናው ስም ለካህኑ ይነገራል፤ በአልጋው ሥር የተገኘው ንብረት፣ መቍጠሪያውም ብርድ ልብሱም፣ ተቈጥሮ ይፈረምበታል። ከዚያ ፎልደሩ ከሕያዋን መደርደሪያ ተነሥቶ ወደ ተዘጉት ይሄዳል፤ ቍጥሩ ግን ለሌላ ሰው አይሰጥም። ከዓመታት በኋላ አንዲት ሴት ከሩቅ ሀገር መጥታ፣ አባቷ በዚህ ከተማ ጠፍቶ እንደነበር፣ ቀኝ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ እንዳለበት ተናግራ ብትጠይቅ፣ ማውጫውን አገላብጦ ጠባሳው የተጻፈበትን ገጽ የሚያገኝላት፣ በመጨረሻው ሌሊት ማን አጠገቡ እንደነበረና የት እንደተቀበረ የሚነግራት ያ ፎልደር ነው።